ኖራ የያዘው፣ ገመድ ያሻገረው

ጎንደር ውስጥ አንድ የዱሮ ቅጥር ሲጠገን ቆሜ እያየሁ ነበር። ደብተሩን በብብቱ የሸጎጠ ተማሪ ወደ ሽማግሌው ግንበኛ ጠጋ አለና፣ «አባባ፣ ከትምህርት መልስ ድንጋይ ላቀብልዎት? ገንዘብ አልፈልግም» አላቸው። ሽማግሌው አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ሥራውን የሚቆጣጠረው ሰው «ፈቃድ የለህም» ብሎ መለሰው። ልጁ ሄደ፤ ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። በደቦ በሚያርስ፣ በወንፈል በሚያጭድ አገር፣ ቅርስ ለመጠገን ጉልበቱን በነፃ የሚሰጥ ሰው ለምን ቦታ ያጣል?

ጥያቄውን ይዤ ወደ አንድ ኃላፊ ሄድሁ። «በጽሑፍ አቅርብ» አሉኝ፤ አቀረብሁ። ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ፤ መልስ አላገኘሁም።

ስለዚህ ወደ ግንበኛው ተመለስሁ። ከአሮጌው ግንብ የወደቀች ቁራጭ አንስተው በጣታቸው ፈረፈሯት። በግራጫው መሐል ጤፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ነበረች። «አየሃት? በደንብ ያልተቦካች ኖራ ናት። የሠራት ሰው አጥንቱ አፈር ሆኗል፣ እሷ አለች። ኖራ እንደ እርሾ ነው፤ ሳይበስል ከቸኮልህበት ያሳፍርሃል።»

ይህ ኖራ የራሱ ታሪክ አለው። ወደ አገራችን ግንባታ በሰፊው የገባው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ከህንድ በመጣ ዕውቀት ነው። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ልጃቸው አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ ሙያው በእጅ ነበር። ዙሪያው 900 ሜትር የሚደርሰው የፋሲል ግቢ ቅጥርና በውስጡ ያሉት ግንቦች በዚሁ ኖራ ቆሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ ተመዘገቡ። ጣሊያኖች በወረራቸው ጊዜ ግንቦቹን በሲሚንቶና በብረት ጠገኑ። ሲሚንቶ ግን እርጥበትን አፍኖ ይይዛል፤ ኖራ ያስተነፍሳል። በኋላ የመጡት አዳሾች ወደ ኖራው የተመለሱት ለዚህ ነው።

ግንበኛው ስለ ሌላ የፋሲል ሥራ አጫወቱኝ። በዓባይ ላይ፣ ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ የነበረው ሰባራ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች መካከለኛውን ቅስት አፈረሱት። ከዚያ በኋላ ለስልሳ ዓመት ገደማ ሰው በገመድ ተጎትቶ ተሻገረ። እሳቸውም በልጅነታቸው ተሻግረዋል። «ወገቤን አስረው ሲስቡኝ ዓይኔን ጨፈንሁ። ከታች ዓባይ ያገሳል። ማዶ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት የጎተቱኝን ሰዎች መዳፍ ነው፤ ገመዱ ልጦታል። በዚያ ቀን ግንበኛ እሆናለሁ አልሁ።»

በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ የወጣው የዚያ ገመድ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያን ልብ ነካ። በማግሥቱ ዓመት በጎ ፈቃደኞችን ይዞ መጣ፤ ብረቱ በአህያና በሰው ትከሻ ገደል ወርዶ ክፍተቱ ተደፈነ። እ.ኤ.አ. በ2005 የዓባይ ሙላት ጠራርጎ ወሰደው። ተስፋ አልቆረጡም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ከዚህ ጥረት የተወለደው ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለው ድርጅት ዛሬ በሌሎች አገሮችም የገጠር መሻገሪያ ይሠራል።

ጎረቤታችንን ኤርትራንም እንይ። 118 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የምፅዋ–አሥመራ ጠባብ ሐዲድ በነፃነት ጦርነቱ ጊዜ ተነቅሎ ለምሽግ ውሏል። ከነፃነት በኋላ መልሰው የዘረጉት በጡረታ ላይ የነበሩ የባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ ሽበታም ሽማግሌዎች ሙያቸውን ለወጣቶች እያሳዩ። ሐዲዱን ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱንም አተረፉ።

በእኛ በኩል ዕውቀቱን አለማስተላለፍ የሚያስከትለው ጉዳት ይታያል። የፋሲል ግቢ በ2017 ዓ.ም. ታድሶ መመረቁ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን እድሳት በየትውልዱ የሚመለስ ሥራ ነው። በሰሜን ጎንደር ተራሮች ያሉት የዱሮ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የቅርብ ጠጋኝ ይፈልጋሉ። ኖራ አርሶ የሚያበስል እጅ ከጠፋ ገንዘብ ቢገኝም ሲሚንቶ ይገባል።

ስለዚህ ኃላፊዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በየእድሳቱ ቦታ በሳምንት አንድ ቀን ለተማሪዎች ይከፈት፤ ለአስተማሪው ግንበኛ ደመወዝ ይመደብለት፤ ልጆቹ አሸዋ ይንፉ፣ ኖራ ያቡኩ፣ ከቅስቱ በታች ይቁሙ። ሽማግሌውን ስሰናበታቸው ስንት ደቀ መዝሙር እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። «አንድ መጥቶ ነበር» አሉኝ፤ «መለሱት።»