ባትሪ የሌላቸው የከብት ምልክቶች ባንድነት ሲጠየቁ ቍጥራቸው እንዴት እንደሚለይ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፥ በወረታ ዙሪያ የተዘረጋውን የፎገራን ሜዳ ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሲያጥለቀልቁት፥ ባላገሩ ከብቱን ወደ ከፍታው ያሸሻል፤ ውኃው ሲጐድልም ይመልሰዋል። በዚህ መውጣትና መግባት የብዙ ሰው ከብት ይደባለቃል። ባለቤቱ ላሙን በመልኳ ያውቃታል፤ ነገር ግን የፎገራ ከብት አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ቡሬ ስለ ሆነ ለመዝጋቢው ሹም አንዲቱን ከሌላይቱ መለየት ቀላል አይደለም። ከደርግ ዘመን ወዲህ የተስፋፋው የሩዝ እርሻ ግጦሹን ስላጠበበና ከሌላ ዘር ጋር መዳቀሉም ስለ በዛ ንጹሑ የፎገራ ዘር እያነሰ መጥቷል። ስለዚህ በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል እንደ ተሠራው ዘሩን መርጦ ለማርባት፥ የትኛይቱ ጊደር ከየትኛው ኰርማ እንደ ተወለደች በእርግጥ መታወቅ አለበት።

በጋለ ብረት መተኰስ ቆዳውን ያበላሻል፤ ጆሮ መሸርከትም ብዙ ቍጥር አይዝም። አሁን በብዙ አገር የሚሠራበት በጆሮ ላይ ተሰክቶ ቍጥሩን ያለ ሽቦ የሚናገር ምልክት ነው። በውስጡ ባትሪ የለም፤ ያለው የመዳብ ጥቅልና እንደ ቅንጣት ያነሰች ቺፕ ብቻ ነው። መጠየቂያው መሣሪያ የራዲዮ ኃይል ሲልክ ጥቅሉ ከዚያው ኃይል ጥቂቱን ይቀበላል፥ ቺፗም ነቅታ ቍጥሩን ትመልሳለች። ከቆዳ በታች ተቀብሮ ከቍጥሩ ጋር የአካሉን ሙቀት የሚናገር ዓይነትም አለ። የአንዲቱ ትኩሳት በሌላይቱ ስም ቢጻፍ ጤነኛይቱ በከንቱ ትወጋለች፥ በሽተኛይቱም ከመንጋው ጋር ትቀራለች።

ችግሩ ብዙ ከብት ባንድ ጊዜ ሲደርስ ነው። መሣሪያው ሲጠይቅ ሁሉም ይሰማሉ፥ ሁሉም ባንድነት ይመልሳሉ። ነገሩ የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ንባብ ባንድ ጊዜ ሲጮኹ ይመስላል። (የቈየ መምህር የእያንዳንዱን ስሕተት ይለይ ይሆናል፤ መሣሪያው ግን አይለይም።) ምልክቶቹም እርስ በርሳቸው ስለማይሰማሙ በገዛ እጃቸው ወረፋ ሊይዙ አይችሉም።

ብልሐቱ ዕጣ ነው። ሐሳቡ የዳበረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ከጀመረው አሎሃ ከተባለው የራዲዮ መገናኛ ነው፤ በዚያ ብዙ ጣቢያዎች ባንድ የራዲዮ መንገድ ይናገሩ ነበር። ለምሳሌ 40 ከብት በር ላይ ቢደርስ፥ መሣሪያው 64 ተራ እንዳለ ያስታውቃል፤ እያንዳንዱ ምልክት ለራሱ አንድ ተራ በዕጣ ያወጣል። በአንድ ተራ አንድ ብቻ ከመለሰ ቍጥሩ ይመዘገባል፥ ምልክቱም ከዚያ ወዲያ ዝም ይላል። ሁለት ወይም ሦስት ከተገናኙ ግን መልሳቸው ስለሚደበላለቅ ለሚቀጥለው ዙር ይቈያሉ። ሲሰላ በመጀመሪያው ዙር በአማካይ 21 ወይም 22 ይለያሉ፤ ለቀሩት 18 ያህል 32 ተራ ይበቃል። ተራው ከሚገባው በላይ ቢበዛ ጊዜ በከንቱ ያልፋል፥ ቢያንስ ግጭቱ ይበዛል፤ ስለዚህ መሣሪያው የግጭቱን ብዛት እያየ ተራውን ይጨምራል፥ ይቀንሳልም። ሥራው ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ብዙም አይረዝም።

ነገር ግን ሹማምንት ምልክት ከማስገዛታቸው በፊት ይህን ይመርምሩ፤ ዕጣ የሚያወጣው ሁሉም ምልክት አይደለም። ለእንስሳት በዓለም አቀፍ ደንብ የተወሰነው በ134.2 ኪሎኸርትዝ የሚሠራው ነው፤ ውኃና ሥጋ አያግደውም፥ ዕጣ ማውጣት ግን አያውቅም። ሁለት ላሞች ጐን ለጐን ቢያልፉ መሣሪያው ኃይለኛውን ብቻ ይሰማል፥ ወይም ከነጭራሹ አይሰማም። በ860 እስከ 960 ሜጋኸርትዝ የሚሠራው ዓይነት ዕጣ ያወጣል፥ ከብዙ ሜትርም ይነበባል፤ ሆኖም ውኃ ኃይሉን ስለሚውጠው የራሰና ጭቃ የለበሰ ጆሮ ሳይነበብ ሊቀር ይችላል። በፎገራ ክረምት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የፊተኛውን የመረጠ ወረዳ ከብቱ አንድ በአንድ የሚያልፍበት ጠባብ የግንድ አጥር አስቀድሞ ያሠራ።

በመዝገብ የሚጻፈው ቍጥር 15 አኃዝ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ 231 ቢሆኑ የኢትዮጵያ መለያ ነው፤ በ9 ቢጀምሩ ግን የፋብሪካው እንጂ የአገር መለያ አይደለም። ምልክቱ ወድቆ አዲስ ሲሰካ የቀድሞው ቍጥር አይፋቅም፤ አዲሱ ከነቀኑ ከጐኑ ይጻፋል።