ባለ አንድ ማሽን የቁፋሮ ሥራ፡- የበጀት ዓመቱ፣ ክረምቱና የክፍያ ሰነዱ

የመንገድ፣ የሕንፃ መሠረት፣ የውኃ መስመርም ሆነ የመስኖ ቦይ ግንባታ የሚጀመረው አፈር በመቁረጥና መሬት በማስተካከል ነው። ይህን የመጀመሪያ ምዕራፍ በየወረዳውና በየከተማው የሚያከናውኑት ግን ሁልጊዜ ስመ ጥር የሥራ ተቋራጮች አይደሉም። አንድ ኤክስካቫተር ወይም አንድ ግሬደር፣ ሲሳካላቸውም አንድ ገልባጭ መኪና ጨምረው በሰዓት ኪራይ ወይም በንዑስ ተቋራጭነት የሚሠሩ ግለሰቦች በዘርፉ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ከእነዚህ መካከል ማሽኑን ራሳቸው የሚያንቀሳቅሱም ይገኛሉ።

የእነዚህ ባለንብረቶች ህልውና በሥራ ትጋታቸው ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም። ውል የሚያዘጋጀው ባለሙያ፣ ልኬት የሚያጸድቀው መሐንዲስና ክፍያ የሚፈርመው ኃላፊ የሚወስዱት ጊዜ ማሽኑ በባለቤቱ እጅ መቆየቱንና አለመቆየቱን ይወስናል። ስለሆነም ሥራው በውስጡ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ለመንግሥት ሠራተኛው ጠቃሚ ይሆናል።

በአገራችን የከባድ ማሽን አንቀሳቃሽነት ሙያ ሥር የሰደደው በ1943 ዓ.ም ከተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጋር ተያይዞ ነው። የመሥሪያ ቤቱ የዓለም ገና ማሠልጠኛ ማዕከል ለበርካታ ኦፕሬተሮች መፍለቂያ ሆኖ አገልግሏል። በኋላም በ1996 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታና በ2003 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ለአነስተኛ ተቋራጮችና ለማሽን አከራዮች ሰፊ ገበያ ከፍተዋል። ለዓመታት በደመወዝ ሲሠራ የቆየ ኦፕሬተር ከቤተሰብና ከወዳጅ ባሰባሰበው ገንዘብ ያገለገለ ማሽን ገዝቶ ወደ ባለቤትነት የሚሸጋገረው በእንዲህ ዓይነቱ ወቅት ነው።

የማሽን ኪራይ ዋጋ ከውጭ ለሚያየው ሰው ብዙ ሊመስል ይችላል። ለስምንት ሰዓት ሥራ የሚጠየቀው ገንዘብ ከአንድ ባለሙያ የወር ደመወዝ ሊበልጥ ስለሚችል፣ የጨረታ ኮሚቴ አባላት ዋጋውን ሲያዩ ቅር ቢላቸው አያስገርምም። ሆኖም ያ ዋጋ በውስጡ የያዘውን መመልከት ያስፈልጋል።

ክብደቱ 20 ቶን አካባቢ የሆነ ኤክስካቫተር በሥራ ላይ እያለ በሰዓት ከ15 እስከ 20 ሊትር የሚደርስ ናፍጣ ይጠቀማል። በአማካይ 18 ሊትር ብንወስድ፣ በቀን ስምንት ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ለሚሠራ ማሽን 3 ሺህ 744 ሊትር ናፍጣ ያስፈልጋል። ይህ ከ200 ሊትር በርሜል ወደ 19 የሚጠጋ ነው። የሞተር ዘይትና ማጣሪያ በተለምዶ በየ250 ሰዓቱ ይቀየራል፤ ይህም በሙሉ ጊዜ ለሚሠራ ማሽን በየአምስት ሳምንቱ ገደማ ማለት ነው። የሃይድሮሊክ ቱቦ በድንገት ይፈነዳል፣ ጥርሱ በድንጋይ ላይ ያልቃል። ከሁሉም የሚከብደው የሰንሰለቱና የተሽከርካሪ እግሩ ክፍል ሲሆን፣ በሰንሰለት በሚሄዱ ማሽኖች ከጠቅላላው የጥገና ወጪ ግማሽ ያህሉን ሊወስድ እንደሚችል በሙያው ይታወቃል። በዚህ ላይ የኦፕሬተሩና የረዳቱ ደመወዝ፣ የጥበቃ ወጪ፣ ማሽኑን ከቦታ ቦታ የሚያጓጉዘው ሎቤድ ኪራይ፣ ሥራ ያገናኘው ደላላ ድርሻና የባንክ ዕዳ ይጨመራሉ።

ናፍጣውን ማን እንደሚችል በውሉ በግልጽ ካልሰፈረ ክርክር መነሳቱ አይቀርም። «ከነናፍጣው» እና «ያለ ናፍጣ» የሚባሉት ሁለት ዓይነት ኪራዮች የዋጋ ልዩነታቸው ሰፊ ነው። የጨረታ ሰነድ ይህን ሳይለይ ወጥቶ፣ አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ትርጉም መፈለግ ለሁለቱም ወገን ኪሳራ ነው።

ከወጪዎቹ ሁሉ በይበልጥ ሊጤን የሚገባው ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ሐምሌ ደግሞ በአብዛኛው የአገራችን ክፍል የክረምት እምብርት በመሆኑ የአፈር ሥራ የሚቆምበት ወር ነው። በተለይ በከፍተኛ ቦታዎች በሰፊው የሚገኘው ዋልካ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጨቀያልም፤ ማሽንም ሆነ መኪና አያሳልፍም። መሬቱ መሥራት የሚያስችለው በአብዛኛው ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ግንቦት ባሉት ስምንት ወራት ነው።

በእነዚህ ወራት የሚሆነውን በቅርብ ለሚከታተል ሰው ሥዕሉ ግልጽ ነው። በጀቱ በሐምሌ ይጸድቃል፣ ዕቅድ ይከፋፈላል፣ የግዢ ዕቅድ ይዘጋጃል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ይገመገማል፣ ቅሬታ ካለ ይታያል። ውሉ ሲፈረም ታኅሣሥ ወይም ጥር ሊደርስ ይችላል። ጥቅምትና ኅዳር፣ ማለትም መሬቱ ገና እርጥበት ያለው፣ ለቁፋሮም ሆነ ለጥቅጠቃ የተመቸ ሆኖ ሳለ፣ ማሽኑ በግቢ ቆሞ ያሳልፋል። ከዚያም በሚያዝያና በግንቦት ሁሉም መሥሪያ ቤት በአንድ ጊዜ ማሽን ይፈልጋል፤ በጀቱ ሳይመለስ ሥራው ማለቅ አለበትና። የኪራይ ዋጋ በእነዚህ ወራት ቢወደድ የአከራዩ ስግብግብነት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

በቁጥር እንየው። ስምንቱ የበጋ ወራት በወር 26 ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት ሙሉ በሙሉ ቢሠራባቸው 1 ሺህ 664 ሰዓት ይገኛል። ይህ በተግባር የማይደረስበት ጣሪያ ነው። ከእነዚህ ወራት ሁለቱ ጨረታ በመጠበቅ ቢያልፉ 1 ሺህ 248 ሰዓት ይቀራል። የባንክ ዕዳው፣ የኢንሹራንሱና የጥበቃው ወጪ ግን ማሽኑ ቢሠራም ባይሠራም አይለወጥም። በመሆኑም እያንዳንዱ የሥራ ሰዓት የሚሸከመው ቋሚ ወጪ በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ይህን ጭማሪ መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ራሱ የመንግሥት በጀት ነው።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው አዲስ ሕግ ማውጣት ላይሆን ይችላል። የግዢ ዕቅድ፣ የዲዛይንና የጨረታ ሰነድ ዝግጅት ከሰኔ በፊት ከተጠናቀቀ፣ ክረምቱ ራሱ የግምገማና የውል ጊዜ ይሆናል። የጠጠር መንገድ ጥገናም ከዚህ የተለየ አይደለም። ግሬደር መንገዱን ሲያስተካክል ከመሐል ወደ ዳር ተዳፋት ያወጣል፤ 7 ሜትር ስፋት ባለው መንገድ 4 በመቶ ተዳፋት ቢሰጥ መሐሉ ከዳሩ 14 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ይህ ቅርጽ የሚይዘው አፈሩ ተገቢው እርጥበት ሲኖረው ነው። በመጋቢት ደረቅ መንገድ ላይ ያለ ውኃ ቦቴ ግሬደር ማስገባት አቧራ ማንሳት ነው፤ መንገዱም ብዙ ሳይቆይ እንደ ቆርቆሮ ይሸበሸባል፣ ወጪውም ይደገማል።

ሁለተኛው የውዝግብ ምንጭ ልኬት ነው። አፈር በተፈጥሮ ቦታው ላይ ያለው ይዘትና ተቆፍሮ በመኪና ላይ ሲጫን የሚኖረው ይዘት አንድ አይደለም። እንደ ዓይነቱ ቢለያይም፣ ተራ አፈር ሲቆፈር ከ20 እስከ 40 በመቶ ይነፋል፤ በፈንጂ የተሰበረ አለት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

ለአብነት 20 ሜትር ርዝመት፣ 15 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ጥልቀት ያለው የመሠረት ጉድጓድ 900 ሜትር ኩብ ነው። አፈሩ 30 በመቶ የሚነፋ ከሆነ ተጭኖ የሚወጣው 1 ሺህ 170 ሜትር ኩብ ይሆናል። 16 ሜትር ኩብ በሚይዝ ገልባጭ መኪና 74 ምልልስ ያስፈልጋል። በጉድጓዱ ልክ ብቻ ያሰላ ሰው ግን 57 ምልልስ ይበቃል ብሎ ይጠብቃል። በመካከል ያለው የ17 ምልልስ ልዩነት አንዳንዴ ባለማሽኑን በማጭበርበር ያስጠረጥረዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ አላዋቂ ባለማሽን በጉድጓድ ልክ ተዋውሎ የማጓጓዣውን ትርፍ ወጪ ከኪሱ ይከፍላል። በእርግጥም የሚያጭበረብር አይጠፋም፤ ግማሽ ጭኖ ሙሉ ምልልስ የሚያስቆጥር አለ። ሁለቱን ለመለየት የሚቻለው ግን ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የመሬቱ ከፍታ ተለክቶ፣ በሁለቱም ወገን ተፈርሞ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ የነበረውን መሬት መለካት አይቻልም።

በሰዓት ኪራይ ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻል። የማሽኑ ሰዓት ቆጣሪ ሞተሩ የሠራበትን እንጂ ማሽኑ አፈር የቆረጠበትን ጊዜ ለይቶ አያሳይም። ኦፕሬተሩ ሞተር አስነስቶ መኪና ሲጠብቅ ሰዓቱ ይቆጥራል። መኪና ያልመጣው በአሠሪው ጥፋት ከሆነ ጊዜው ለማን እንደሚቆጠር በቅድሚያ መወሰን ይገባል። የዕለቱ ታይም ሺት በዕለቱ መፈረም ያለበትም ለዚህ ነው። የሳይት ተቆጣጣሪው ለሦስት ሳምንት ጠፍቶ ሲመለስ በአንድ ጊዜ እንዲፈርም የሚቀርብለት ሰነድ ለክርክር የተዘጋጀ ሰነድ ነው ማለት ይቻላል። በቃልና በስልክ የሚሰጥ ትዕዛዝም እንዲሁ ነው። «እግረ መንገድህን ያንንም ቦታ አስተካክልልን» የተባለ ባለማሽን የሠራበትን ሁለት ቀን በክፍያ ሰነድ ላይ የሚያገኝበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው።

ክፍያን በተመለከተ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የፊዲክ የውል ሁኔታ አሠሪው ለተቋራጩ የሚከፍልበትን ጊዜ መሐንዲሱ የክፍያ ጥያቄውን ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ እስከ 56 ቀን አድርጎ ያስቀምጣል። ለትልቅ ተቋራጭ ይህ የሚቻል ጊዜ ነው። ባለ አንድ ማሽኑ ግን በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ዋናው ተቋራጭ ሳይከፈለው እሱ አይከፈለውም፤ 56 ቀኑም መቆጠር የሚጀምረው ጥያቄው ከቀረበ በኋላ ነው። በ56 ቀን ውስጥ 48 የሥራ ቀናት አሉ። ቀደም ሲል በተጠቀሰው ስሌት ማሽኑ በእነዚህ ቀናት 6 ሺህ 912 ሊትር፣ ማለትም ከ34 በርሜል በላይ ናፍጣ ይጨርሳል። ይህን ሁሉ ባለቤቱ አስቀድሞ በጥሬ ገንዘብ ገዝቷል። በሌላ አነጋገር፣ ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ ያለ ወለድ የሚያበድረው ትንሹ ሰው ነው።

የተጨማሪ እሴት ታክስ ጉዳይም እዚህ ላይ ይነሳል። ባለንብረቱ 15 በመቶውን ታክስ በደረሰኝ ከቆረጠ በኋላ በቀጣዩ ወር ማሳወቅና መክፈል ይጠበቅበታል። አሠሪው ግን «ደረሰኝ ሳይቀርብ ክፍያ አይዘጋጅም» ካለና ደረሰኙን ተቀብሎ ክፍያውን ለወራት ካዘገየ፣ ባለንብረቱ ያልተቀበለውን ገንዘብ ታክስ ከኪሱ ለመክፈል ይገደዳል። የሒሳብ ባለሙያዎች ደረሰኝ የሚጠይቁበትን ቀን ቼክ ከሚዘጋጅበት ቀን ጋር ማቀራረብ ቢችሉ ምንም ተጨማሪ በጀት ሳይጠይቅ ችግሩን ያቃልላሉ።

የዋጋ መናር በእነዚህ መዘግየቶች ላይ ሲደመር ጉዳቱ የከፋ ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ቀደም ሲል 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የማሽን መለዋወጫ በሙሉ ማለት በሚቻል ደረጃ ከውጭ የሚገባ ነው። ከዚያ ቀን በፊት በተፈረመ፣ የዋጋ ማስተካከያ በሌለው አጭር ውል ውስጥ የነበረ ባለማሽን የሃይድሮሊክ ፓምፕ ቢበላሽበት፣ የተዋዋለበት ዋጋ ለጥገናው አይበቃም ነበር።

ብድርን በሚመለከት በሕግ ደረጃ የተሻሻሉ ነገሮች አሉ። የካፒታል ዕቃ ኪራይ ንግድ ሥራ አዋጅ ቁጥር 103/1990 ማሽንን በኪራይ መልክ ለማግኘት መሠረት ጥሏል። የሚንቀሳቀስ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ቤትና መሬት የሌለው ሰው ማሽኑንና ወደፊት የሚሰበሰብ ክፍያውን ጭምር በዋስትና እንዲያስይዝ በር ከፍቷል። ይሁን እንጂ ተሰብሳቢ ክፍያ በአበዳሪ ዘንድ ዋጋ የሚኖረው ከፋዩ መሥሪያ ቤት ዕዳውን በጽሑፍ ሲያረጋግጥ ነው። በወቅቱ የተፈረመ የክፍያ ሰርተፍኬት ለባለማሽኑ ከገንዘብ የማይተናነስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በመጨረሻም ከቢሮ የሚጠበቁ ሁለት ደብዳቤዎች አሉ። የመጀመሪያው የነዳጅ ነው። ኤክስካቫተር ወደ ማደያ ሄዶ አይቀዳም፤ ናፍጣው በበርሜል መምጣት አለበት። በበርሜል መቅዳት ደግሞ ሕገ ወጥ ንግድን ለመከላከል ሲባል የአካባቢውን አስተዳደር የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠይቅ ሆኗል። ቁጥጥሩ ተገቢ ቢሆንም፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው ተብሎ ደብዳቤው ሦስት ቀን ሲያድር ማሽኑም ሦስት ቀን ይቆማል።

ሁለተኛው ከመሬት በታች ያሉ መስመሮችን የሚመለከት ነው። በከተማ ውስጥ የውኃ፣ የመብራትና የቴሌ ፋይበር መስመሮች የተቀበሩበት ቦታ ተረጋግጦ ለኦፕሬተሩ ካልተነገረው፣ እሱ ከካቢኑ ሆኖ ሊያያቸው አይችልም። መስመሩ ከተበጠሰ በኋላ የሚጻፈው የካሳ ደብዳቤ በፍጥነት ይደርሰዋል። ጉድጓዱ ጥልቅ ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ከካሳም ያልፋል፤ አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል፤ ድጋፍ ያልተደረገለት ግድግዳ ሲደረመስ ታች ያለው የቀን ሠራተኛ ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም። የመስመር ካርታ የሚሰጡት መሥሪያ ቤቶች ባለሙያቸውን ቁፋሮው በሚጀመርበት ጠዋት ቦታው ላይ ቢያቆሙ፣ ኖራ በትኖ መስመሩን ለማሳየት ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድበትም።