ስለ ድሪቶ ሥራ፤ ካሬውን በልክ ስለ መቁረጥ

ድሪቶ ማለት ከልዩ ልዩ የጨርቅ ቁራጭ ተገጣጥሞ የተሰፋ ልብስ ወይም መሸፈኛ ነው። ቃሉም ደረተ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ደረተ ማለት ጨርቅን በጨርቅ ላይ ደርቦ ሰፋ፣ ጣፈ ማለት ነው። ብዙ ሰው ድሪቶን የድኽነት ምልክት አድርጎ ስለሚቆጥረው ስሙን እንኳ ሲሰማ ያፍርበታል። ነገር ግን የድሪቶ ነውሩ የጨርቁ አሮጌነት ሳይሆን የአሠራሩ ጉድለት ነው። ያለ ልክ የተቆረጠ ድሪቶ ይጨማደዳል፤ መካከሉ ያብጣል፤ ዳሩም ይጣመማል። በልክ ተቆርጦ የተሰፋ ግን ጠፍጣፋና ጠንካራ ሆኖ ብዙ ክረምት ያገለግላል፤ ሊጣል የነበረውም ቁራጭ ሕፃኑን ከሌሊት ብርድ ያድነዋል።

በአዲስ አበባ መካከል ቂርቆስና ካዛንቺስ የሚባሉ ሰፈሮች አሉ። ቂርቆስ ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ግን ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ኢንቺስ በሚል አጭር ስም የተጠራ ድርጅት ለመንግሥት ሠራተኞች በዚያ ቤቶችን ስለ ሠራ፣ ሰፈሩ የኢንቺስ ቤቶች ተባለ። በነዚህ ሰፈሮች ልብስ ሰፊዎች በየበረንዳው መኪናቸውን አቁመው ለብዙ ዘመን ሲሠሩ ኖረዋል። ከሰፊው መኪና ሥር የሚወድቀው ቁራጭ ጨርቅም ለድሪቶ ሠሪ እንደ እህል ማሳ ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት በካዛንቺስ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። ቤት ሲፈርስ በስፍራው ይቀራል፤ የእጅ ሙያ ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ሙያን በሚገባ መማር ትልቅ ሀብት ነው።

በዚያው አካባቢ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛል። በውስጡም ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ የሠራው፣ 150 ሜትር ካሬ ያህል ስፋት ያለው ባለ ቀለም የመስታወት ሥዕል አለ። ይህ ሥዕል ብዙ ቁራጭ መስታወት እርስ በርሱ ተገጣጥሞ አንድ የሆነበት ነው። መስታወት በልኩ ካልተቆረጠ አይገጥምምና ስሕተቱን ወዲያው ይናገራል። ጨርቅ ግን ሲስቡት ስለሚለጠጥ ስሕተቱን ይሸሽጋል፤ ስሕተቱም የሚገለጠው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ድሪቶ ሠሪ ከመስታወት ሠሪ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።

ትንሽ ስሕተት እንዴት እንደሚያድግ

አምስት ካሬ በወርድ፣ ሰባት ካሬ በቁመት ያለው ብርድ ልብስ ይሠራ እንበል። እያንዳንዱ ካሬ ከተሰፋ በኋላ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ብርድ ልብሱ 150 በ210 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በአንደኛው መስመር ያሉት ሰባቱ ካሬዎች እያንዳንዳቸው በ4 ሚሊ ሜትር ቢረዝሙ፣ መስመሩ በ28 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የጎረቤቱ መስመር ካሬዎች ደግሞ በ4 ሚሊ ሜትር ቢያጥሩ፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት 56 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህም አምስት ሴንቲ ሜትር ከግማሽ የሚያልፍ ነው። በአንድ ካሬ ላይ ዓይን የማያየው ስሕተት በሰባት ካሬ ላይ ድሪቶውን ያበላሻል ማለት ነው።

ስለ መሣሪያው

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ስለታም መቀስ፣ ቀጥ ያለ ማስመሪያ፣ ሜትር፣ ጠመኔ ወይም የሳሳ ሳሙና፣ ካውያና ወፍራም ካርቶን ነው። አባቶች በክንድና በስንዝር ይለኩ ነበር፤ ነገር ግን የአንዱ ስንዝር ከሌላው ስለሚበልጥ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ድሪቶ ሲሠሩ ልኩ አይገናኝም። ሴንቲ ሜትር ግን በማንም እጅ አንድ ነው። ጨርቅ የሚቆረጥበት መቀስ ወረቀትና ካርቶን አይቆረጥበትም፤ ስለቱ ይደነዝዛልና። በሌላው ዓለም ክብ ምላጭ ያለው፣ እንደ መንኰራኵር እየተንከባለለ የሚቆርጥ መሣሪያ አለ፤ ይህንንም ኦልፋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1979 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አወጣው። ይህ መሣሪያ ሥራውን ያፋጥናል፤ በመቀስና በካርቶን የሚሠራ ሰው ግን ቢዘገይም ልኩን አያጣም።

ስለ ጨርቁ ዝግጅት

1ኛ፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሸበሸብ፣ ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት ታጥቦ ይድረቅ። ከዚያም በካውያ ይተኰስ። ካውያው ከላይ ወደ ታች ይጫን እንጂ አይጎተት፤ የተጎተተ ጨርቅ ይለጠጣል።

2ኛ፤ የጨርቁ ድርና ማግ ይታይ። ጨርቅ በድሩ ወይም በማጉ መንገድ ሲሳብ ብዙ አይለጠጥም፤ በአግድሞሽ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲሳብ ግን በቀላሉ ይረዝማል። ስለዚህ የካሬው ጎኖች ከድሩና ከማጉ ጋር ተስተካክለው ይቆረጡ።

3ኛ፤ ለአንድ ካሬ አራት ቁራጮች፣ እያንዳንዳቸው በየጎናቸው 17 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆነው ይቆረጡ። በእያንዳንዱ ስፌት 1 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ይተው። አራቱ ሲጋጠሙ ካሬው 33 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በመካከሉም ሁለት ስፌቶች መስቀል ይሠራሉ። በላይኛው ጥንድ ጠርዙ ወደ ቀኝ፣ በታችኛው ወደ ግራ ቢታጠፍ፣ ስፌቶቹ ሳይደራረቡ ይገጥማሉ።

ስለ ካርቶኑ ልክ

ካርቶኑ በየጎኑ 32 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይቆረጥ። ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን ለማወቅ፣ ከማዕዘኑ ጀምሮ በአንደኛው ጎን 18፣ በሌላው ጎን 24 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት ይደረግ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው። ደግሞም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ያሉት ሁለቱ መስመሮች እኩል ሆነው እያንዳንዳቸው 45 ሴንቲ ሜትር ከሩብ ያህል መሆን አለባቸው። በመጨረሻም በአራቱም ጎኖች እኩሌታ፣ ማለት በ16 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ምልክት ይደረግ፤ በካርቶኑ መካከልም ትንሽ ቀዳዳ ይበሳ።

ስለ ማስተካከል

የተሰፋው ካሬ እንደ ገና ተተኵሶ ሲበርድ በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ። ካርቶኑ በላዩ ይቀመጥ፤ ሁለቱ ስፌቶች የሚገናኙበት ስፍራ በቀዳዳው ይታይ፤ በጎኖቹ ያሉት አራት ምልክቶችም ከስፌቶቹ ጫፍ ጋር ይጋጠሙ። ልኩ የሚጀምረው ከመካከል ነው እንጂ ከዳር አይደለም። ከአንድ ዳር ብቻ የሚለካ ሰው፣ የዳሩን ጠማማነት ወደ ካሬው ሁሉ ያስተላልፋል።

ከዚህ በኋላ ካርቶኑ እንዳይንሸራተት ከባድ ነገር ይጫንበት፤ በተሳለ ጠመኔም ዙሪያው ይሰመር። ጠመኔው ራሱ ውፍረት ስላለው፣ መቀሱ በመስመሩ ውስጠኛ ዳር ይሂድ። የመቀሱ የታችኛው ስለት ከጠረጴዛው አይነሣ፤ ጨርቁ ተነሥቶ የሚቆረጥ ከሆነ መስመሩ ይወላገዳል። በአራቱም ጎን ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይወድቃል፤ የቀረው ካሬ 32 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ሲሄድ፣ የሚታየው 30 ሴንቲ ሜትር፣ እያንዳንዱም ቁራጭ 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ስሕተት ሲገኝ

ከ32 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ካሬ ቢገኝ፣ ስቦ ማድረስ አይገባም፤ የተሳበ ጨርቅ ሲታጠብ ወደ ቀድሞው ይመለሳልና። ስፌቱ ተፈትቶ ጠርዙ ጠበብ ተደርጎ እንደ ገና ይሰፋ። ብዙዎቹ ካሬዎች አንሰው ቢገኙ ግን፣ የ31 ሴንቲ ሜትር አዲስ ካርቶን ተሠርቶ ሁሉም በዚያ ይስተካከሉ። ብርድ ልብሱ ጥቂት ያንሳል፤ ነገር ግን ይገጥማል። ካሬዎች ሁሉ ትልቅ ከሚሆኑ ይልቅ እኩል ቢሆኑ ይሻላል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሪቶም እንዲሁ ነው፤ ቁራጮቹ እያንዳንዳቸው ለምንም የማይበቁ ሲሆኑ፣ በአንድ ልክ ከተጋጠሙ ቤተሰብ የሚሸፍኑ ይሆናሉ።

የመልመጃ ጥያቄ

1ኛ፤ አምስት ካሬ በወርድ፣ ሰባት ካሬ በቁመት ላለው ብርድ ልብስ ስንት ቁራጮች ያስፈልጋሉ?

2ኛ፤ ካሬዎቹ ሁሉ በ31 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ቢስተካከሉ፣ ከተሰፋ በኋላ የብርድ ልብሱ ወርድና ቁመት ስንት ይሆናል?

3ኛ፤ ልኩ ከዳር ሳይሆን ከመካከል የሚጀመረው ስለ ምንድን ነው?