ኦፕራሲዮን ከመግባትዎ በፊት፦ በትንፋሽ ስለሚሰጥ ሰመመን

ከካኩማ ወደ ሎድዋር ወይም ከዳዳብ ወደ ጋሪሳ ለኦፕራሲዮን ሪፈር ሲጻፍ ብዙ ሰው ከቢላው ይልቅ እንቅልፉን ይፈራል። «ተኝቼ በዚያው ብቀርስ?» የሚል ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ያለ ነገር ነው፤ ግን ሰመመኑ ከታካሚው ምን እንደሚፈልግ ማወቁ ከመፍራት ይልቅ ይጠቅማል።

በትንፋሽ የሚሰጡት መድኃኒቶች ሃሎቴን፣ አይሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬን ይባላሉ። «ጋዝ» እንላቸዋለን እንጂ በጠርሙስ ውስጥ ፈሳሽ ናቸው። ማሽኑ ወደ ተን ይቀይራቸውና ከኦክስጅን ጋር በጭንብል ወይም በቱቦ ይሰጣሉ። ከሳንባ ወደ ደም፣ ከዚያም ወደ አንጎል ይደርሳሉ። ባለሙያው ሲያቆመው አብዛኛው በመጣበት በትንፋሽ ይወጣና ታካሚው ይነቃል። አዋቂን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በደም ሥር መርፌ ያስተኙታል፤ ሕፃናት ግን ሽታው ለስለስ ያለውን ሃሎቴን ወይም ሴቮፍሉሬን በጭንብል ይስባሉ።

ትልቁ ጉዳይ ሆድ ነው። ጤነኛ ሰው ምግብ ወደ ጉሮሮው ቢመለስበት ያስለዋል። በሰመመን ውስጥ ይህ መከላከያ ይጠፋል፤ ከሆድ የወጣው ሳንባ ውስጥ ከገባ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በተለመደው ደንብ ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓታት፣ ሥጋና ቅባት የበዛበት 8 ሰዓታት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓታት፣ ውሃ ደግሞ 2 ሰዓታት ቀደም ብሎ ይቆማል። አጥሚትና በሶ ቢጠጡም ምግብ ናቸው። ሆስፒታሉ ከዚህ የጠበቀ ትእዛዝ ከሰጠ የእሱን ይከተሉ።

እዚህ ላይ እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሰዓት ነው። ወረቀቱ ላይ «ከሌሊቱ 12 በኋላ ምንም አይበሉ» ከተባለ እኩለ ሌሊት ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት። በእኛ 12 አስቦ ጎህ ሲቀድ ሻይ በዳቦ የበላ ሰው ሆዱ ሙሉ ሆኖ ይገባል። «በፈረንጅ ነው በሐበሻ?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

ሁለተኛው ጾም ነው። «ጾመህ ና» ሲባል ለእኛ ሽሮ በእንጀራ የጾም ምግብ ነው። ለሐኪሙ ግን ጾም ማለት ባዶ ሆድ ነው። አስተርጓሚው «ጾመኛ ነው» ብሎ ቢያልፈው ሐኪሙ ምንም አልበላም ብሎ ይረዳል። ስለዚህ «ጾሜያለሁ» ከማለት «መጨረሻ የበላሁት ይህንን ነው፣ በዚህ ሰዓት» ይበሉ።

በስህተት ከበሉ ይናገሩ። ስንት ወር የተጠበቀ ቀጠሮ ይቃጠላል ብሎ መደበቅ የሚገባን ነገር ነው፤ እኛም በካምፕ ቀጠሮ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ግን የተላለፈ ቀጠሮ ተመልሶ ይመጣል።

ባይጠየቁም የሚናገሩት ሌላም አለ። ከቤተሰብ በሰመመን ሳለ ሰውነቱ በድንገት የጋለ ወይም የሞተ ካለ ይንገሩ፤ አልፎ አልፎ በዘር የሚተላለፍ፣ እነዚህ ጋዞች የሚቀሰቅሱት አደገኛ ችግር ስላለ ባለሙያው ሌላ መድኃኒት ይመርጣል። ከዚህ በፊት ሃሎቴን ወስደው ዓይንዎ ቢጫ ሆኖ ከነበረ እንዲሁ፤ በተለይ ሲደጋገም ጉበትን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። እርግዝና፣ አስም፣ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ጫት፣ መጠጥ፣ ሲጋራ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ ይነገር። አስተርጓሚው ጎረቤትዎ ሆኖ ካፈሩ ሌላ ሰው እንዲመጣ ይጠይቁ።

ሲነቁ መንቀጥቀጥ፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉሮሮ መከርከር የተለመደ ነው። ሕፃን እናቱን እንኳ ያላወቀ ይመስል ሊያለቅስ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ያልፋል። የምታጠባ እናት በደንብ ከነቃች ማጥባት ትችላለች። ለ24 ሰዓታት ሞተር አይንዱ፣ ከሰል ላይ ብቻዎን አያብስሉ፣ የጉዳይ ወረቀት አይፈርሙ።

ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠዎትን ሰመመን ስም በወረቀት ያስጽፉና ከስደተኛ መታወቂያዎ ጋር ያስቀምጡ፤ ካምፕ ሲቀየር የሕክምና ፋይል ሁልጊዜ አይከተልም። በቀጣዮቹ ቀናት ትኩሳት ከያዘዎ ወይም ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ያንኑ ወረቀት ይዘው ወደ ክሊኒክ ይሂዱ።