ባትሪ ሲሞላና ሲያርፍ፦ ቮልቲሜትሩ የሚነግረን ምንድን ነው?

የሚከተለው ትዕይንት ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። አንድ ሚኒባስ ሞተሩን አጥፍቶ በታክሲ ተራ ወረፋውን ይጠብቃል፤ ቴፑ ግን አልጠፋም። የባሱ ድምፅ መስታወቱን ያንቀጠቅጣል። ተራው ደርሶ ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው ቀጭ ከማለት በቀር ንቅንቅ አይልም። ተሳፋሪዎች ወርደው ይገፋሉ። ሾፌሩም፣ «ጠዋት ሞተሩ እየሠራ ሲለካ ከ14 ቮልት በላይ ነበር፤ ምን ነካው?» ሲል ይገረማል።

ሾፌሩ አልዋሸም፤ መለኪያውም አልተሳሳተም። ስሕተቱ ያለው ሁለት የተለያዩ ቁጥሮችን እንደ አንድ በመቁጠር ላይ ነው። ለመሆኑ «ባለ 12 ቮልት» የሚባለው ባትሪ አንዴ 12.6፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ 14.4 የሚያሳየው ለምንድን ነው?

አሲዱ የሚናገረው እውነት

የእርሳስና የአሲድ ባትሪን እ.ኤ.አ. በ1859 የፈለሰፈው ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጋስቶን ፕላንቴ ነው። ዛሬ በመኪና ውስጥ የምናገኘው ባትሪ በተከታታይ የተያያዙ ስድስት ሴሎች አሉት። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ አንዱ ሰሌዳ እርሳስ፣ ሌላው ሊድ ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ሁለቱም በውሃ በተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ተነክረዋል። ባትሪው ኮረንቲ ሲሰጥ ሁለቱም ሰሌዳዎች ቀስ በቀስ ወደ ሊድ ሰልፌት ይለወጣሉ፤ አሲዱ ይቀንሳል፣ ውሃ ይጨምራል።

ቁልፉ ነጥብ ይህ ነው። አሲዱ በተበረዘ ቁጥር የሴሉ ቮልቴጅ ይወርዳል። መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፤ በአሲዱ አንጻራዊ እፍግታ ላይ 0.84 ሲደመር የአንድ ሴል የዕረፍት ቮልቴጅ በግምት ይገኛል። ሙሉ በሆነ ባትሪ ውስጥ እፍግታው 1.27 ገደማ ስለሆነ አንዱ ሴል 2.11 ቮልት፣ ስድስቱ በድምሩ 12.66 ቮልት ይሰጣሉ። ባትሪው ሲጋመስ እፍግታው ወደ 1.19 ይወርዳል፤ ድምሩም 12.2 ቮልት ያህል ይሆናል። ወደ 11.9 የወረደ ባትሪ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በሙሉና በባዶ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ቮልት እንደማይበልጥ ልብ ይሏል!

ለምን 14.4?

ባትሪን መሞላት ማለት ይህን አጸግብሮት ወደ ኋላ መመለስ ነው። ውሃ ከዝቅተኛ ቦታ ወደ ከፍታ እንዲወጣ ግፊት እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ ዲናሞውም ከባትሪው የራሱ ቮልቴጅ በላይ መግፋት አለበት። ስለዚህ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት ይነበባል። ይህ ቁጥር የዲናሞውን ጤንነት እንጂ የባትሪውን ሙላት አይናገርም።

ግፊቱም ልክ አለው። እያንዳንዱ ሴል ከ2.4 ቮልት ገደማ ሲያልፍ ውሃው ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን መበተን ይጀምራል። በአየር ውስጥ 4 በመቶ የደረሰ ሃይድሮጅን በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ በሚሞላ ባትሪ አጠገብ ሲጋራ መለኮስ ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ብንለካስ? ያን ጊዜም እንታለላለን። አዲስ የተፈጠረው አሲድ በሰሌዳዎቹ ገጽ ላይ ተከማችቶ ስለሚቆይ ቮልቴጁ ለጊዜው ከፍ ብሎ ይታያል። አሲዱ ወደ ሰሌዳዎቹ ውስጥ እስኪሰርግና እስኪመጣጠን ሰዓታት ይወስዳል። ታማኙ ልኬት ሁሉም ነገር ጠፍቶ መኪናው ካደረ በኋላ ማለዳ ላይ የሚወሰደው ነው።

ሙዚቃው ስንት ይጠጣል?

አሁን ወደ ሚኒባሳችን እንመለስ። ባትሪው 60 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ፣ ቴፑና አምፕሊፋየሩ በአማካይ 10 አምፔር የሚስቡ ናቸው እንበል። ሦስት ሰዓት ማለት 30 አምፔር-ሰዓት፣ ማለትም የባትሪው ግማሽ ነው። አዲስ ባትሪ ይህን ችሎ ሞተሩን ያስነሳ ይሆናል። ዕድሜ የመያዝ ዐቅሙን በግማሽ የቀነሰበት ባትሪ ግን ለሞተሪኖው የሚተርፈው የለም።

የከፋው ጉዳት ግን የሚደርሰው በስውር ነው። የባትሪው የመጨረሻ አንድ አምስተኛ ክፍል እጅግ በዝግታ ስለሚሞላ፣ አጫጭር የከተማ ጉዞዎች የተወሰደውን አይተኩም። በ12.2 ቮልት ላይ ለሳምንታት የሚቆይ ባትሪ ውስጥ ሊድ ሰልፌቱ ወደ ጠጣር ቅንጣቶች ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ዲናሞ በቀላሉ አይመልሰውም። ባትሪው ያለ ዕድሜው ይሞታል።

ሁለተኛ ባትሪ ቢጨመርስ? ሞተሩ ጠፍቶ ለሚቆይበት ጊዜ ይጠቅማል፤ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ግን የኃይሉ ምንጭ ዲናሞው ስለሆነ፣ ከዲናሞው ዐቅም በላይ ያለማቋረጥ የሚስብን አምፕሊፋየር አይታደገውም። በተጨማሪም አሲዱ በመስታወት ጭረት ምንጣፍ የተመጠጠበት ዓይነት ባትሪ ሙሉ ሲሆን ከ12.8 እስከ 13 ቮልት ላይ ያርፋል። ይህን ከደከመ ተራ ባትሪ ጋር በቀጥታ ማያያዝ ጤነኛውን ለበሽተኛው ያለ ዕረፍት እንዲመግብ መፍረድ ነው። በመካከላቸው ሞተሩ ሲጠፋ የሚለያያቸው ሪሌ ሊኖር ይገባል።

ደግሞስ ትርፉ ምን ያህል ነው? የአምፕሊፋየሩ ቮልቴጅ ከ12.2 ወደ 14.2 ቢያድግ፣ ኃይል በቮልቴጅ ስኩዌር ስለሚጨምር ጭማሪው ቢበዛ 35 በመቶ ገደማ ነው። በጆሯችን ሚዛን ግን ይህ 1.3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለመለየትም ያዳግታል። ለዚህች ልዩነት ስንቱ ገንዘቡን ያፈሳል!

እንግዲህ ቮልቲሜትር በእጃችሁ ሲገባ ሁለት ጥያቄዎችን አትርሱ፤ ሞተሩ እየሠራ ነው ወይስ ጠፍቷል? ከጠፋስ ስንት ሰዓት ሆነው? ለእነዚህ መልስ ከሌለ፣ በመለኪያው ላይ የሚታየው ቁጥር ቁጥር ብቻ ነው።