የአሳማ ግልገሎች የመኖ ማሟያ

የአሳማ ግልገሎች የመኖ ማሟያ ማለት ግልገሉ ከእናቱ ወተት ወይም ከዋና መኖው በበቂ መጠን የማያገኘውን ንጥረ ነገር ለመተካት፣ እድገቱን ለማፋጠን ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙን ለማገዝ በመርፌ፣ በአፍ ወይም ከመኖ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጥ ነገር ነው። ብረት፣ ቪታሚኖች፣ አሚኖ አሲዶች፣ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችና እርሾ ከዚህ ወገን ይመደባሉ። ቀድሞ አንቲባዮቲክና ከፍተኛ መጠን ያለው ዚንክ ኦክሳይድም ለዚሁ ተግባር ይውሉ ነበር፤ ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁለቱም ተከልክለዋል።

ማሟያ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ግልገሉ በተፈጥሮው ጉድለት ባለበት ሰዓት ሲደርስለት ነው። ጉድለት በሌለበት ጊዜ የሚጨመረው ብዙውን ጊዜ ከኩስ ጋር ይወጣል።

የብረት ጉድለት

ግልገሉ ሲወለድ በሰውነቱ ያለው ብረት ወደ 50 ሚሊግራም ነው። በየቀኑ 7 ሚሊግራም ያህል ያስፈልገዋል፤ የእናቱ ወተት የሚሰጠው ግን 1 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ይዞት የተወለደው ስንቅ ከአንድ ሳምንት ብዙም አያልፍም። ብረት ካልተጨመረለት ቆዳው ይገረጣል፣ ፀጉሩ ይንጨባረራል፣ ጥቂት እንደሮጠ ትንፋሽ ያጥረዋል። የሚገርመው በመጀመሪያ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ፈጥኖ የሚያድገው ግልገል መሆኑ ነው፤ ሰውነቱ በጨመረ ቁጥር የሚፈልገው ደም ይበዛልና።

በዱር ወይም በመስክ የሚያድግ ግልገል አፈር እየቆፈረ ስለሚልስ ብረቱን ከዚያ ያገኛል። ችግሩ የጎላው አሳማ በሲሚንቶ ወለል ላይ ይረባ ከጀመረ ወዲህ ነው። ቀድሞ አርቢዎች ከነሣሩ የተቆረጠ አፈር ወደ በረቱ ይጥሉ ነበር። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን አይረን ዴክስትራን የተባለው መርፌ ተስፋፋ፤ የተለመደው መጠን 200 ሚሊግራም ሲሆን በመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ቀናት ይሰጣል። እናቲቱን ብረት መመገብ ይህን አይተካም፣ ወደ ወተቷ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ። ከመጠን ያለፈ ብረትም ጎጂ ነው፤ በተለይ ቪታሚን ኢ እና ሴሌኒየም የጎደለውን ግልገል ሊገድለው ይችላል።

እንገርና በሽታ የመከላከል አቅም

የአሳማ እንግዴ ልጅ ፀረ እንግዳ አካላትን ከእናት ደም ወደ ጽንሱ አያሳልፍም። በዚህ ረገድ አሳማ ከሰው ይለያል፤ ግልገሉ የሚወለደው ያለ መከላከያ ነው ማለት ይቻላል። የሚደርስለት እንገር ነው። አንጀቱ ፀረ እንግዳ አካላትን ሳይፈጭ ወደ ደም የሚያሳልፈው ግን ለ24 ሰዓት፣ ቢበዛ ለ36 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ በእንገሩ ውስጥ ያለው የመከላከያ መጠን ከወሊድ በኋላ በየሰዓቱ ይቀንሳል። አንድ ግልገል ቢያንስ 200፣ ቢቻል 250 ግራም እንገር መጥባት እንዳለበት ይታመናል።

ብዙ ግልገሎች በአንድ ጊዜ ሲወለዱ ትናንሾቹ ከጡት ይገፋሉ። ለዚህ ከተመረተ ማሟያ ይልቅ ቀላል ዘዴ ይረዳል፦ ጠንካሮቹ ከጠገቡ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል በሙቅ ቦታ ተለይተው ይቆያሉ፣ ደካሞቹም በዚያ ጊዜ ይጠባሉ። ከላም እንገር የተዘጋጀ ዱቄት ለግልገሉ ጉልበት ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ላሚቱ የአሳማን በሽታዎች ስለማታውቃቸው የእናቱን እንገር ሙሉ በሙሉ አይተካም።

ጡት ማስጣል

ከእንገር የተገኘው መከላከያ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት በእጅጉ ይቀንሳል፤ የግልገሉ የራሱ አቅም ደግሞ ገና አልጎለበተም። ግልገሉ ከእናቱ የሚለየው በዚሁ ሰዓት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንቡ 28 ቀን ነው፤ ልዩ ንጹሕ ቤት ካለ 21 ቀንም ይፈቀዳል። በተፈጥሮ ቢሆን ግልገሉ ጡት የሚተወው ቀስ በቀስ፣ ከሦስት ወር በላይ ጠብቶ ነበር።

በድንገት የተለየ ግልገል ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን መኖ አይቀምስም። በአንጀቱ ግድግዳ ላይ ያሉት ምግብ የሚመጡ ጥቃቅን ጣቶች ያጥራሉ፣ የጨጓራው አሲድ ደካማ ነው፣ ያልተፈጨው ፕሮቲንም ኢ. ኮላይ ለተባለው ባክቴሪያ ቀለብ ይሆናል። ውጤቱ ተቅማጥ፣ አንዳንዴም ሞት ነው።

ለዚህ የተገኘው የመጀመሪያ መፍትሔ አንቲባዮቲክ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ጥቂት አንቲባዮቲክ የተጨመረበት መኖ እንስሳትን ፈጥኖ እንደሚያሳድግ ተደረሰበት፤ ልማዱም በብዙ አገሮች ተስፋፋ። ጉዳቱ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች መራባታቸው ነበር። ስዊድን በ1986 ይህን ልማድ ከለከለች፣ ዴንማርክ በ1990ዎቹ መጨረሻ አቆመች፣ የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዘጋው። በዴንማርክ ከእገዳው በኋላ ጡት በጣሉ ግልገሎች ላይ ተቅማጥ ጨመረ፣ ለሕክምና የሚሰጠው አንቲባዮቲክም ከፍ አለ፤ እገዳው ያለ ዋጋ አልመጣም። በ2015 ደግሞ በቻይና የሰው ሐኪሞች እንደ መጨረሻ አማራጭ የሚይዙትን ኮሊስቲን የሚቋቋም፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚሻገር ጂን በአሳማዎች ላይ ተገኘ። ቻይና ኮሊስቲንን ለእድገት ማፋጠኛነት መጠቀምን በ2017 አቆመች።

ከ1990ዎቹ ወዲህ የአንቲባዮቲክን ቦታ በከፊል የያዘው ዚንክ ኦክሳይድ ነው። በአንድ ኪሎ መኖ 2,500 ሚሊግራም ያህል ዚንክ ለሁለት ሳምንት ሲሰጥ ተቅማጡን በደንብ ይቀንሳል። ይሁንና አብዛኛው ከኩስ ጋር ወጥቶ በእርሻ አፈር ውስጥ ይከማቻል፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ላይም ዚንክን የሚቋቋመው ጂን አንቲባዮቲክን ከሚቋቋመው ጎን ለጎን ስለሚገኝ አንዱን መመገብ ሌላውን ያስፋፋል። ኅብረቱ አጠቃቀሙን ከሰኔ 2022 ጀምሮ ከለከለ። አሁን በመኖው ውስጥ ያለው ጠቅላላ ዚንክ በኪሎ ከ150 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም።

ከተተኪዎቹ ውስጥ ጠንካራ መሠረት ያለው፣ ማሟያ ከመጨመር ይልቅ ፕሮቲን መቀነስ ነው። የመኖው ፕሮቲን ከ20 በመቶ በላይ ከመሆን ወደ 17 ወይም 18 በመቶ ዝቅ ይላል፤ የሚጎድሉት ላይሲን፣ ትሪዮኒን፣ ሜቲዮኒንና ትሪፕቶፋን በንጹሕ መልክ ይጨመራሉ። እንደ ፎርሚክና ቤንዞይክ ያሉ አሲዶች ደካማውን ጨጓራ ያግዛሉ። አጓት በውስጡ ባለው ላክቶስ ምክንያት ለግልገሉ ተስማሚ ነው፤ ጥሬ አኩሪ አተር ግን የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር ስላለው ሳይበስል አይሰጥም። ጠቃሚ ባክቴሪያዎችና እርሾ በአንዱ እርባታ ሲረዱ በሌላው ለውጥ አያሳዩም። በጠባብና በቆሸሸ በረት የሚታየው ጥቅም ንጹሕና ሙቅ በሆነ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።