በነጻ ወደ ምስል የሚለወጥ ገጽና የማይታየው ዋጋው

በኮምፒዩተር የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ ለሌላ ሰው ተልኮ ሲከፈት፣ በፊደሎቹ ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ወይም ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ተደርድረው መታየታቸው ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ለዚህ ችግር ከሚሰጡት መፍትሔዎች አንዱ የሰነዱን ገጾች ወደ ምስል ለውጦ መላክ ነው። ሥራውን ያለ ምንም ክፍያ ማከናወን ይቻላል። ሆኖም ለውጡ ምን እንደሚያሳጣ ካልታወቀ፣ ገንዘብ ያልወጣበት ሥራ ሌላ ዋጋ ያስከፍላል። በዚህ ጽሑፋችን ትርፉንም ኪሳራውንም እንመለከታለን።

ከፊደል ወደ ነጥብ

ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ከተካተተ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም አገር 4608 የሚል አንድ ቋሚ ቁጥር አላት። ከዚያ በፊት ግን የፎንት አዘጋጆች ፊደሎቻችንን ለላቲን ሆሄያት በተመደቡት ቁጥሮች ላይ፣ እያንዳንዳቸው በመረጡት ቅደም ተከተል ያስቀምጧቸው ነበር። የቆዩ ሰነዶች ፎንታቸው በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ የሚዘበራረቁት በዚህ ምክንያት ነው። ባዶ ሳጥን የሚታየው ደግሞ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ቅርጹን የሚያወጣ ፎንት ሲታጣ ነው።

ገጹ ወደ ምስል ሲለወጥ ቁጥሮቹ በሙሉ ይጠፉና ፒክስል የሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ይተካሉ። ምስል ፎንት አይሻም፤ በየትኛውም ኮምፒዩተርና የእጅ ስልክ ላይ መልኩን ሳይለውጥ ይታያል። ትርፉ ይህ ነው።

ስንት ፒክስል ይበቃል?

በ12 መጠን ለሚጻፍ ፊደል የሚመደበው ከፍታ የአንድ ኢንች አንድ ስድስተኛ ነው። ምስሉ በኢንች 72 ፒክስል ብቻ ካለው ለፊደሉ የሚደርሰው 12 ፒክስል ሲሆን፣ በኢንች 300 ከሆነ ግን 50 ይደርሰዋል። «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት በእግራቸው ጫፍ ባለች ትንሽ ቅርጽ መሆኑን ልብ ይሏል። በ12 ፒክስል ውስጥ የ«ቤ» ቀለበት ተደፍኖ ከ«ቢ» ጋር ሊምታታ ይችላል።

በኢንች 300 ፒክስል የተዘጋጀ አንድ የኤ4 ገጽ 2480 በ3508፣ ማለትም 8.7 ሚሊዮን ያህል ፒክስል ይይዛል። ሳይታመቅ በሙሉ ቀለም ሲቀመጥ 26 ሚሊዮን ባይት፣ በጥቁርና ነጭ ብቻ ሲሆን ደግሞ ከ1 ሚሊዮን ባይት ጥቂት የሚበልጥ ቦታ ይፈጃል።

የፋይሉ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ጄፔግ ለፎቶግራፍ የታሰበ በመሆኑ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል ወደሆኑ ክፍሎች ከፋፍሎ ረቂቅ ዝርዝሮችን ይጥላል፤ በዚህም የፊደሎች ጠርዝ ይደበዝዛል። ፒኤንጂ ግን አንዲት ፒክስል ሳይጥል ስለሚያምቅ ለጽሑፍ የተሻለ ነው።

አሠራሩ

በመጀመሪያ ሰነዱን ፎንቱ በሚገኝበት ኮምፒዩተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ያሻል፤ ለዚህም ሊብሬኦፊስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያገለግላል። ከዚያም ጊምፕ በተሰኘው ሌላ ነጻ ፕሮግራም ፒዲኤፉን ከፍቶ፣ በኢንች 300 ፒክስል መርጦ፣ በፒኤንጂ ማስቀመጥ ነው። ገጾቹ ብዙ ከሆኑ ፖፕለር የተባለው የነጻ መሣሪያዎች ስብስብ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ይለውጣል።

ይኸንኑ በነጻ የሚሠሩ ድረ ገጾችም አሉ። ነገር ግን ሰነዱ ወደ ሌሎች ኮምፒዩተር ተልኮ የሚለወጥ በመሆኑ፣ ውልን፣ የሕክምና ውጤትን ወይም የፈተና ወረቀትን ለእነርሱ አሳልፎ መስጠት አይመከርም።

የሚጠፋው ነገር

በምስል ውስጥ ቃል መፈለግ፣ ማረም ወይም መቅዳት አይቻልም። ለዓይነ ስውራን ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች የሚያነቡት የፊደሎቹን ቁጥር ስለሆነ፣ ገጹ ለእነርሱ ባዶ ወረቀት ይሆንባቸዋል። ቴሰራክት የተባለው ነጻ ፕሮግራም የአማርኛ ፊደልን ከምስል ላይ ለይቶ ወደ ጽሑፍ ይመልሳል፤ ይሁን እንጂ ይስታል፤ ምስሉ በደበዘዘ መጠንም ስሕተቱ ይበዛል።

ስለዚህ ምስሉ ለመላኪያ፣ ጽሑፉ ለማኖሪያ ይሁን እንላለን። ምስሉን አዘጋጅተው የመጀመሪያውን ፋይል ከመሰረዝ ይቆጠቡ። በድሮ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ካለዎት ደግሞ ፎንቱ ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ቢለውጡት፣ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ አንባቢ ገጹን ማየት ብቻ ሳይሆን ሊፈትሸውና ሊጠቀስበት ይችላል።